ደብር፣ ገበያና ብርሃን፦ ከዊንጌት እስከ ዝዋይ የሚደረገው የአንድ ቀን ጉዞ በሂስ ዓይን

ሂስ የሚገባው ለታተመ መጽሐፍ፣ መድረክ ላይ ለወጣ ተውኔት ወይም ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ሥዕል ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ በኪነ ጥበብ ቤታችን ውስጥ ረጅም ዕድሜ አስቆጥሯል። ይሁን እንጂ ሰፊው ሕዝብ ደራሲም፣ ተዋናይም፣ ተመልካችም ሆኖ በየዓመቱ የሚያቀርባቸው፣ ጽሑፈ ተውኔት የሌላቸው ታላላቅ ትርኢቶች አሉ። ደመራ አንዱ ነው፤ ጥምቀት ሌላው ነው። ከእነዚህ ያነሰ ስም ያለው፣ ነገር ግን ከተሜው ከወር እስከ ወር የሚመላለስበት ሦስተኛው ደግሞ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ማኅበር ይጠራዋል፤ ሠፈር ይሰበሰብበታል፤ አውቶቡስ ይጭነዋል፤ ሌሊት ተነሥቶ ማታ ይመለሳል። ይህን ያህል ሰው የሚፈጽመው ትርኢት እስከ ዛሬ በሐያስያን ዘንድ ሳይመዘን መቅረቱ ትርኢቱን ከመናቅ በስተቀር ሌላ ምክንያት አይገኝለትም።

ከጉለሌ፣ ከዊንጌት አደባባይ ተነሥቶ እስከ ዝዋይ ሐይቅ ደርሶ የሚመለሰው ጉዞ ሦስት ገቢር ያለው ተውኔት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመጀመሪያው ገቢር ተጓዡ ውኃ ተሻግሮ ደሴት ላይ ካለው ደብር ይደርሳል። በሁለተኛው ወደ ሐይቁ ዳር ተመልሶ ከዓሣው ገበያ ይውላል። በሦስተኛው ማታ ወደ ከተማው ሲገባ የመብራት ትርኢት ይቀበለዋል። ጥያቄው በሦስቱ ገቢሮች ውስጥ ተጓዡ የቱ ላይ ፈጻሚ፣ የቱ ላይ ደግሞ ተመልካች ብቻ ሆኖ ይገኛል የሚል ነው። ሕዝባዊ ትርኢት የሚመዘነው በጌጡ ብዛት ሳይሆን የመጣውን ሰው ምን እንደሚያሠራው ነውና።

መነሻው

ዊንጌት ከእንጦጦ ግርጌ ያለ የሠራተኛ፣ የተማሪና የነጋዴ ሠፈር ነው። ስሙ በ1933 ዓ.ም. ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር ሆነው ፋሽስት ጣሊያንን ከወጉት የእንግሊዝ መኮንኖች አንዱ ከነበረው ከኦርድ ዊንጌት፣ ይልቁንም ከነፃነት በኋላ በዚሁ መኮንን ስም ከተሰየመው ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ስሙ ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጥቶ የአደባባይ፣ የታክሲ ተራና የሠፈር መጠሪያ ሆኗል። ዛሬ በወያላ አፍ «ዊንጌት! ዊንጌት!» ተብሎ ሲጠራ የጦር መኮንኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሕዝብ የተሰጠውን ስም እንዲህ አላምጦ የራሱ ያደርገዋል። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለ ብርሃን በሚነገረው ላይ ያስፈልጋል።

በኅዳር ብርድ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣ አውቶቡሶች በአደባባዩ ዳር ይደረደራሉ። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳቦና ቆሎ በአገልግልና በፌስታል ቋጥረው ይመጣሉ። ወጣቶች ከበሮ ይጭናሉ። አስተባባሪው በስም መጥሪያ ወረቀቱ ላይ በእጅ ባትሪ እያበራ ሰው ይቆጥራል። የቀረ ቢኖር ጎረቤት በስልክ ይቀሰቅሰዋል፤ የከፈለውና ያልከፈለው እዚያው ይተራረማል፤ አቅም ለሌለው አንድ አረጋዊ ወንበር የሚገዛ አይጠፋም። የለበሱት ነጠላ እዚያው ጉለሌ ውስጥ፣ በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እጅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በዚህ ትዕይንት ውስጥ ተመልካች የለም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ከተውኔቱ ሁሉ ያማረው ክፍል ማንም እንደ ትርኢት የማይቆጥረው ይህ መነሻ ነው።

ደብሩ

ዛሬ ባቱ በሚባለው የዝዋይ ከተማ አጠገብ የተዘረጋው ሐይቅ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን በጣም ጥቂት ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታው እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። የመቂና የቀታር ወንዞች ይመግቡታል፤ የቡልቡላ ወንዝ ደግሞ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። አምስት ደሴቶች አሉት። ከመካከላቸው ትልቁ በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ፣ ማለትም ትልቁ ተራራ ይባላል፤ በገዳሙ ስም ደግሞ ደብረ ጽዮን ነው። ሁለቱም ስሞች ተራራ ይላሉ። አንዱ በመጠኑ፣ ሌላው በክብሩ ይጠራዋል፤ የደሴቱ ታሪክ የተሠራውም በዚህ የስም መደራረብ ነው።

በትውፊት እንደሚነገረው፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት ሸሹ፤ ታቦቷም ለ70 ዓመታት ያህል በዚያ ከቆየች በኋላ ወደ አክሱም ተመለሰች። ትውፊቱን በታሪክ ሚዛን መመርመር የታሪክ ምሁራን ተግባር ነው። ከኪነ ጥበብ አንፃር ግን ትውፊቱ አንድ ታላቅ ነገር ሠርቷል፤ ሐይቁን መጠጊያ፣ ጀልባውን የመዳን መሣሪያ፣ ተጓዡን የስደተኞቹ ተከታይ አድርጎታል። ኅዳር 21 ቀን የጽዮን በዓል ሲከበር ከዊንጌት የመጣችው እናት በጀልባ የምትሻገረው ውኃ ተራ ውኃ አይደለም። ካህናቱ ተሻገሩት የተባለውን ውኃ እርሷም ትሻገረዋለች። ተውኔት «መሆን» የሚለው ነገር ይኸው ነው። ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ገቢር በቅርጹ የተሟላ ነው፤ ድካም አለው፣ ፍርሃት አለው፣ መድረስ አለው።

ጉድለቱ በይዘቱ ላይ ነው። የተጓዥ ማኅበራት አስተባባሪዎች በድምፅ ማጉያ የሚተርኩት ስለ ታቦቷ መምጣትና መመለስ ነው፤ ከዚያ በኋላ በደሴቶቹ ላይ ስለ ኖረው ሕዝብ የሚባል ነገር አይሰማም። ይህ ሕዝብ ዛይ ነው። ከሴማውያን ቋንቋዎች ወገን የሆነ፣ ከስልጤኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ የራሱ ቋንቋ አለው። ድንጋያማውን ቁልቁለት በእርከን አርሶ፣ ዓሣ አጥምዶ፣ ሸማ ሠርቶ፣ የብራና መጻሕፍቱን ደብቆና ጠብቆ ለትውልድ ያስተላለፈው እርሱ ነው። ብዙዎቹ ከደሴቶቹ ወጥተው በሐይቁ ዳር ባሉ መንደሮች ሰፍረዋል፤ ቋንቋው በትልልቆቹ ቋንቋዎች መካከል ተጨንቆ ይገኛል። ታቦቷ 70 ዓመት ተቀመጠች ተብሎ ሲተረክ፣ አስተናጋጁ ሕዝብ ግን ከትረካው ውጭ ይቀራል። ባለቤቱ ከመድረክ የወረደበት ተውኔት የቱንም ያህል ቢያምር ጎደሎ ነው።

ከጉለሌ ለሄደ ተጓዥ ይህን ጉድለት መሙላት ከባድ አይደለም። በሽሮ ሜዳ የሸማኔውን መወርወሪያ ድምፅ ሲሰማ ያደገ ወጣት፣ የዛይ ሸማኔ በደሴት ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ እንደ ኖረ ቢነገረው ሁለቱን ሠፈሮች የሚያስተሳስር ክር ያገኛል። መተረክ ያለበት ይህ ነው።

ገበያው

ጀልባው ወደ ዳር ሲመለስ ሁለተኛው ገቢር ይከፈታል። ዓሣ አስጋሪዎች ሌሊት የጣሉትን መረብ ሰብስበው በማለዳ ደርሰዋል። ቆሮሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ ተለይቷል። በቢላዋ የሠለጠኑ ወጣቶች ቅርፊቱን ይገፋሉ፤ ፊሌቶውን ከአጥንቱ በአንድ ስበት ይለያሉ፤ አባ ኮዳ ራሰ በራውን አንገቱን አቀርቅሮ፣ እንደ እድር ሰብሳቢ ቆሞ ትራፊውን ይጠብቃል። ሴቶች በብረት ድስት ዘይት ያግላሉ። ጥብሱ፣ ዱለቱ፣ ሾርባው በአንድ ጊዜ ይሸታል። ደላላ ይጮኻል፤ ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል።

የተጓዡ ጠባይ እዚህ ላይ ይለወጣል። በደብሩ ፈጻሚ የነበረው ሰው በገበያው ሸማችና ተመልካች ብቻ ይሆናል። ስልኩን አውጥቶ አባ ኮዳውን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ዓሣው ረከሰ ወይም ተወደደ ይላል፤ በልቶ ይነሣል። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለሚገባ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር በአውቶቡሱ ውስጥ ይነሣል፤ የሚበላው ይበላል፣ የማይበላው ሽሮውን ይፈታል። ክርክሩ ሞቅ ያለና አዝናኝ ነው። ሆኖም ዓሣው ከየት መጣ፣ ነገስ ይገኛል ወይ የሚለው ጥያቄ በክርክሩ ውስጥ የለም።

ነገሩ ግን እጅግ አሳሳቢ ነው። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ከእርሱ የሚቀዳ እያንዳንዱ ጠብታ ይታወቅበታል። የመስኖ እርሻው፣ ሰፋፊው የአበባ እርሻና ከተማው ከእርሱ ይጠጣሉ፤ ፍሳሹና የተሸረሸረው አፈር ወደ እርሱ ይመለሳል፤ በጣና ላይ ያየነው እንቦጭም በዝዋይ ታይቷል። በመረቡ በኩል ያለው ችግር ከዚህ አያንስም። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል፣ ጫጩቶቿን አደጋ ሲመጣ መልሳ በአፏ የምትሸሽግ ፍጥረት ናት። ዓይኑ የጠበበ መረብ እርሷን ሲይዝ አንድ ዓሣ ሳይሆን አንድ ቤተሰብ ይይዛል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። አዋጅ ግን በባህል ካልተደገፈ በወረቀት ላይ ይቀራል። ገዢው የእጅ መዳፍ የማታክለውን ቆሮሶ ርካሽ ናት ብሎ እስከ ገዛ ድረስ አስጋሪው ጠባቡን መረብ አይጥልም ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ደብር፣ የባሕር ምግብና የክረምት ብርሃን በአንድ ቀን ጉዞ የሚጣመሩበት ሌላ አገር እዚህ ላይ ቢጠቀስ ንጽጽሩ ይረዳል። ከቶኪዮ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው የጃፓን ደሴት ኤኖሺማ ለዘመናት የተሳላሚዎች መድረሻ ናት። በዚያ የምትከበረው ቤንዛይተን የውኃ ብቻ ሳትሆን የሙዚቃና የኪነ ጥበብ አማልክት ናት፤ በኤዶ ዘመን ከተሳላሚዎቿ መካከል ሙዚቀኞችና ተዋንያን ነበሩ። ሠዓሊው ሂሮሺጌ ደሴቷንና ተጓዦቿን በእንጨት ቅርጽ ኅትመት አባዝቶ ጉዞውን ላላዩት አሳይቷል። የዛሬው ጎብኚ የሚበላላት ሽራሱ የምትባል ጥቃቅን ዓሣ ደግሞ በአካባቢው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 10 አትሰገርም። በእነዚያ ሳምንታት የምግብ ቤቱ ባለቤት ትኩሷ ሽራሱ የለችም ይላል፤ እንግዳውም ይቀበላል። እገዳው የባለሥልጣን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጉዞው ሥርዓት አካል ሆኗል። ያለመብላት ሕግ ያለው ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በዓመት ውስጥ ረጅም ወራት የሚጾመው ሕዝባችን ለሐይቁም ጾም ሊያውጅለት የሚችል ባህል አለው። እስከ ዛሬ ግን ይህን የባህል ኃይል ወደ ሐይቁ ያዞረው ሰባኪ፣ መምህር ወይም ደራሲ ጎልቶ አልወጣም።

ስለዚህ ሁለተኛው ገቢር ከሦስቱ ሁሉ በይዘት የበለፀገው፣ በአቀራረብ ግን የተረሳው ነው። ጉልበት፣ ሙያ፣ ግጭትና አደጋ እዚህ አሉ። ለጸሐፌ ተውኔት ይህን የመሰለ መድረክ ከየት ይገኛል? በአንድ ወገን የዕለት ጉርሱን የሚሻ አስጋሪ፣ በሌላ ወገን አፏ በእንቁላል የተሞላ ዓሣ፣ በመካከላቸው ደግሞ ከከተማ የመጣ፣ የሚበላውን የማያውቅ እንግዳ። የዓሣው ገበያ የደብሩ መውጫና የምሳ ሰዓት ማሳለፊያ ሆኖ መቅረቱ የጉዞው ትልቁ የኪነ ጥበብ ኪሳራ ነው። ሐይቁ ቢደርቅ ደብሩ ደሴት መሆኑ ይቀራልና፣ ገበያውን የናቀ ተጓዥ ሳያውቅ ደብሩንም ይጎዳል።

ብርሃኑ

በዝዋይ ያለው የካህናት ማሠልጠኛና ገዳም ሐመረ ብርሃን ይባላል፤ የብርሃን መርከብ ማለት ነው። ስሙ ውኃንና ብርሃንን በአንድ ቃል አገናኝቶ ይዟል። ተጓዡ ይህን ስም ሰምቶ፣ ፀሐይ በሐይቁ ላይ ስታዘቀዝቅ አይቶ፣ ማታ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ሦስተኛው ገቢር ይጀምራል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የታደሱት ጎዳናዎች በብርሃን ደምቀዋል። በመስቀል አደባባይና በፒያሳ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ዙሪያ፣ ሕንፃውና ዛፉ በባለ ቀለም አምፖል ተሸልሟል። ቀኑን ሙሉ የተንገላታው ተጓዥ ከእንቅልፉ ነቅቶ መስኮቱ ላይ ይጠጋል። ሕፃናት ይጮኻሉ።

የዚህ ብርሃን ጥቅም መካድ የለበትም። ጨለማ ለሌባ እንጂ ለሠርቶ አደር አይጠቅምም፤ በበራ መንገድ ላይ ሴቶች ያለ ስጋት ይሄዳሉ፣ ተማሪ ከማታ ትምህርት ይመለሳል። ይሁን እንጂ ከኪነ ጥበብ አንፃር ሲመዘን ሁለት ጉድለቶች ይታዩበታል። አንደኛው ጊዜ የሌለው መሆኑ ነው። የበዓል ብርሃን ብርሃን የሚሆነው ከእርሱ በፊት ጨለማ፣ ከእርሱም በኋላ ጨለማ ስላለ ነው። የቡሄ ችቦ በነሐሴ፣ ደመራ በመስከረም ይነዳል። በኅዳር 12 አዲስ አበቤ በየደጁ ጥራጊውን ሰብስቦ የሚያጥነው በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን የፈጀውን የኅዳር በሽታ በማሰብ ነው። ጭሱ ለሳንባ እንደማይበጅ ቢታወቅም፣ ያ እሳት ግን ቀን አለው፣ ምክንያት አለው፣ ትዝታ አለው። የጎዳናው ጌጠኛ መብራት በኅዳርም በግንቦትም አንድ ዓይነት ሆኖ ሲያበራ፣ በዓል የሌለው የበዓል መብራት ይሆናል፤ ዓይን ይለምደዋል፤ የተለመደ ጌጥ ደግሞ አይታይም።

ሁለተኛው ጉድለት ሠሪው የማይታወቅ መሆኑ ነው። ተጓዡ ጠዋት በደብሩ የያዘው ጧፍ ከክርና ከሰም በእጅ የተሠራ፣ በእጁ የበራ፣ ከጎረቤቱ ጧፍ የተለኮሰ ነበር። ደመራው ሁሉም ችቦውን አምጥቶ የሚያቆመው ነው። የማታው ብርሃን ግን ተሠርቶ ይጠብቀዋል፤ ከተጓዡ የሚፈለገው ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው። ቅርጹም ቢሆን ከየትኛውም የዓለም ከተማ ሊገዛ የሚችል ኮከብና የአምፖል መጋረጃ ይበዛበታል። የጥለት፣ የሐረግ፣ የመስቀል፣ የሙዳይ፣ የገዳ ምልክቶችና የእስላማዊ ጥልፍ ይህን ያህል ሀብት ባለበት አገር የብርሃን ጌጥ ከውጭ ሥርዓተ ንድፍ መቀዳቱ ለሠዓሊዎቻችን ቅሬታ ሊሆን ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መዘንጋት የለበትም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከምርቱ፣ ተማሪው ከኪሱ እያዋጣ የሠራው ነው። በዊንጌት ያለች ጉሊት ቸርቻሪ ሳትቀር ቦንድ የገዛችበት አገር ነው። እንግዲያው በአገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው ብርሃን በመሠረቱ ችቦ እንደ ማዋጣት ያለ የጋራ ሥራ ውጤት ነው። በይዘቱ ደመራ የሆነ ብርሃን በቅርጹ የሱቅ መስኮት መምሰሉ ነው ተቃርኖው። የሚያስፈልገው መብራቱን ማጥፋት ሳይሆን ለይዘቱ የሚመጥን ቅርጽ መስጠት ነው። ሕዝቡ የእንግሊዝ መኮንንን ስም ወስዶ የራሱ ሠፈር እንዳደረገው ሁሉ አምፖሉንም የራሱ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህ ይሆን ዘንድ ግን በሥራው ውስጥ መግባት አለበት።

ማጠቃለያ

የሦስቱ ገቢሮች ሚዛን ይህን ይመስላል። ደብሩ ቅርጹ የሞላ፣ ይዘቱ ግን የዛይን ሕዝብ የዘነጋ ነው። ገበያው በይዘት የበለፀገ፣ ቅርጽ ያጣ ነው። ብርሃኑ ደማቅ፣ ነገር ግን ተጓዡን ሥራ ፈት የሚያደርግ ነው። ጠዋት በዊንጌት አደባባይ ሁሉም ሰው የሥራ ድርሻ ነበረው፤ ማታ ወደዚያው ሲመለስ በመስኮት የሚያይ ብቻ ሆኗል። የተውኔቱ አቅጣጫ ከፈጻሚነት ወደ ተመልካችነት የሚወርድ ነው ማለት ነው። ጥሩ ሕዝባዊ ትርኢት የሚሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ ተመልካች ሆኖ የመጣውን ፈጻሚ አድርጎ ይመልሰዋል።

ይህን ማቃናት በሚቻል አቅም ውስጥ ያለ ሥራ ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ዝዋይ ሲወርዱ ከደብሩ ታሪክ ጋር የዛይን ቋንቋና የእርከን እርሻ፣ ከጥብሱ ጋር የመረቡን ዓይን ስፋት ማስተማር ይችላሉ፤ አንድ ልጅ የቆሮሶን መጠን በመዳፉ ለክቶ መግዛትን ከተማረ፣ አዋጁ ያላደረገውን አድርጓል። የባህል ካድሬዎች የጉዞ ማኅበራትን አስተባባሪዎች ከአስጋሪ ማኅበራትና ከዛይ ሽማግሌዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ማገናኘት ይጠበቅባቸዋል። የከተማው አስተዳደር በጎዳና ብርሃን ላይ የሠዓሊዎችንና የሸማኔዎችን ውድድር ቢከፍት፣ የሽሮ ሜዳ ጥለት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በብርሃን ተሸምኖ ሊታይ፣ ሲያበቃም ሊወርድ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ተጠያቂዎቹ ግን ደራሲያንና ሠዓሊዎች ናቸው። ሂሮሺጌ ተሳላሚን ሣለ፤ የእኛ ተጓዥ አሁንም ሠዓሊውን ይጠብቃል። ሐይቁ ዳር ቢላዋውን የሚስለው ወጣት፣ አፏን በእንቁላል ሞልታ መረብ ውስጥ የገባችው ቆሮሶ፣ በአውቶቡስ መስኮት ባለ ቀለም መብራት ሲያዩ እንቅልፍ የሚያሸንፋቸው የዊንጌት እናት፣ እነዚህ ሁሉ ገና ያልተጻፉ ናቸው። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ ብዙ ዘመንም አይጠብቅም። ብዕርና ብሩሽ የያዘ ሁሉ በሚቀጥለው ኅዳር ከአውቶቡሱ ወንበር አንዱን ይያዝ።